የላይኛው አፈር

ግርማ የመጀመሪያውን አፈር ሊዝቅ የሎደሩን ባኬት ዝቅ ሲያደርግ እትየ መሪማ መጥተው ፊት ለፊቱ ይቆማሉ።

ፍሬኑን ይይዛል። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ኧረ እናቴ! ልጨርስዎት ነበር እኮ!» ይላል።

አይነቃነቁም። በብብታቸው የተጠቀለለ ሰሌን ይዘዋል።

ግራ ይገባኛል። ይህ ጉድጓድ እንዲሞላ ዓመት ሙሉ የወረዳውን ቢሮ ደጅ የጠኑት እሳቸው ናቸው። ማሳቸው ነበር። የመንገድ ሥራ ድርጅቱ ገረጋንቲ ሊያወጣበት ሲገባ፣ ጥቁሩን የላይኛውን አፈር ለብቻ ከምሮ አቆይቶ ሲጨርስ ሊመልሰው ፈርሟል። ገረጋንቲው ተጭኖ ሄደ፤ ጉድጓዱና ክምሩ ቀሩ። ሙላ ሲባል ደግሞ ወፎች ምክንያት ሆኑለት። የሰሜኑን ግድግዳ እየበሱ ጎጆ ስለሠሩበት፣ ዞኑ ጫጩቶቹ እስኪበሩ እንዳይነካ ጻፈ። እኛ የወረዳው ቢሮ ሰዎች ሙላ እንላለን፣ ዞኑ አትንካ ይላል፣ ድርጅቱ በሁለታችን መሃል ተኛ። ግድግዳውን ሳይነኩ በደቡብ በኩል መጀመር ይቻላል ብዬ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ! በቃል ስናገርማ ማንም አይሰማኝም።

ዛሬ እሺ ያሉኝ ወደው አይደለም። ሎደሩን ከጦርነቱ ወደ ደሴ የሚያሸሸው ማሽን ጫኝ ሎቤድ መርሳ አስፋልቱ ላይ ቆሟል፤ የእኔ ፊርማ ከሌለ ግን ሚሊሻዎቹ ኬላውን አያሳልፉትም።

«ዓመት ሙሉ ሙላልኝ ብለው ከሰሱኝ፣» ይላል የድርጅቱ ፎርማን ወንዳወቅ፣ «ልሙላ ስል ደግሞ ይገተራሉ። እህቴ ሳሚራ፣ ንገሪያቸው እንጂ! የአካባቢ ጥበቃዋ አንቺ አይደለሽ?»

«እትየ መሪማ፣» እላለሁ ቀረብ ብዬ፣ «ዛሬ ካልተሞላ ማሽኑ ይሄዳል። መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።»

«አውቃለሁ ልጄ።» ከወልድያ በኩል መድፍ ሲያጉረመርም ይሰማል። «ስሚው። ትናንት ነጎድጓድ ነው ስንል አደርን። ነጎድጓድ ቢሆን ይዘንብ ነበር።»

«ታዲያ እንደ ሰዉ ወደ ውርጌሳ አይሄዱም?» ይላል ወንዳወቅ።

«በምኔ? ጎረቤቴ ዙልፋ ገና አራስ ናት። ሽማግሌው አባቷ እንኳን ውርጌሳ ደጃፉም አይደርስ። ወይስ አንተ በዚህ ማሽን ላይ ታሳፍረናለህ?»

ወንዳወቅ ሰዓቱን ያያል።

«እንግዲያው ጉድጓዴን ተውልኝ። እዚያ ነው የማስገባቸው።»

ግርማ ከሎደሩ ወርዶ ወደ ታች ያያል። ዙሪያው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። «እናቴ፣ ሽማግሌና አራስ በየት ይወርዳሉ? በገመድ?»

«መውረጃ ሥራላቸው፣» እላለሁ። ድምፄ አልወጣም። እደግመዋለሁ። «መውረጃ ሥራላቸው።»

«የሰሜኑ ግድግዳ ልል ነው። ሁለቴ ብገፋው ተንዶ መውረጃ ይሆናል።»

«በል በል! ወፎቹም ፋይላቸው ይዘጋ!» ወንዳወቅ ይስቃል። ወዲያው ወደ እኔ ይዞራል። «ምን ታዪኛለሽ? ዞኑ ዛሬ ስለ ወፍ የሚጠይቅ ይመስልሻል?»

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ግን አራስ ሴት መሸሸጊያ እየፈለገች ስለ ጫጩት እንዴት ይወራል?

«ምን ሆነሃል አንተ?» ይላሉ እትየ መሪማ። «እሱ ከተናደ በምን ልንከለል ነው? የሚተኩሱት ከዚያ አይደለም እንዴ?» በእጃቸው ወደ ወልድያ ያመለክታሉ። «በደቡብ ሥራው።»

«በደቡብ በኩል የምገፋው ልል አፈር የለኝማ፣ እናቴ።» ግርማ ዞር ብሎ ጥቁሩን ክምር ያያል። «ከእሱ በቀር።»

ሁላችንም ክምሩን እናያለን። ጎርፍ እንዳያጥበው ዙሪያውን ድንጋይ ያስደረደርኩት እኔ ነኝ። መውረጃ ከሆነ ሰው ይጠቀጥቀዋል፣ ከጠጠሩ ይደባለቃል። ይህ መሬት ዳግመኛ ቢሞላ እንኳ እህል የሚያበቅል ልባስ አይኖረውም።

«እትየ፣» እላለሁ፣ «ሌላ አፈር የለም እኮ።»

እሳቸው ክምሩን ትንሽ አይተው ወደ ግርማ ይዞራሉ።

«ቢስሚላህም በል፣ በስመ አብም በል፤ ብቻ ጀምር።»

ግርማ ጥቁሩን ክምር መግፋት ይጀምራል። ወንዳወቅ ወረቀቱን ይዘረጋልኛል። «‹ተሞልቷል› በይና ፈርሚ፤ እንሂድበት።»

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ፦ አልተሞላም፤ ማሽኑ በጦርነቱ ምክንያት እንዲወጣ ተፈቅዷል። እፈርማለሁ።

ያነበዋል። «ይሄ ምን ያደርግልኛል?»

«ኬላውን ያሳልፍዎታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሰላም ሲሆን ተመልሰው ይሞላሉ።»

የሚለው ያለው ይመስላል። የመድፉ ድምፅ ከወልድያ በኩል ሲደገም ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ለግርማ ይጮህበታል። ግርማ የመጨረሻውን አፈር በባኬቱ ጀርባ ደልድሎ ይወጣል። ሎደሩ በኮረኮንቹ መንገድ እየተንገጫገጨ ከዓይናችን ይሰወራል።

የመንደሩ ሰዎች ይመጣሉ። ዙልፋ ሕፃኑን በነጠላ ሸፍናለች። አባቷን አብዱልሐሊምን ጎረቤቶቹ በአልጋ ተሸክመውታል። ከኋላቸው ሴቶች፣ ልጆች፣ አንዲት ላም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አዲሱ መውረጃ ይሮጣሉ።

«በዳር!» እትየ መሪማ እጃቸውን ዘርግተው ያግዷቸዋል። «በዳር በዳሩ ሂዱ! መሃሉን አትርገጡብኝ!»

የተዘራ ማሳ የሚያቋርጥ መንገደኛን እንደሚቆጡት ነው የሚቆጧቸው። ሰዉ ይደናገራል፣ ግን ይታዘዛል። አልጋ የተሸከሙት ወደ ጠርዙ ይጠጋሉ። ልጆቹ ተሰልፈው ይከተላሉ። ተኩሱ እየቀረበ፣ አንድ በአንድ፣ ጥጉን ይዘው ይወርዳሉ፤ መሃሉ ጥቁርና ለስላሳ እንደሆነ አንድም ዱካ ሳያርፍበት ይቆያል።