ደካማውን ፍለጋ

«እጅህን አንሳ፣ ወንድም ጋሼ!»

እሳት እንደነካ ሰው እጁን ከሳጥኑ ላይ ሰበሰበ። ታላቅ ወንድሟ ነው፤ አሮጌ የኤሌክትሪክ ዕቃ እየገዛ የሚሸጥ፣ ዝም ማለት የማያውቅ ሰው። ይህችን መጽሐፍ የምታክል ሳጥን ከተዘጋ ላቦራቶሪ አግኝቶ፣ አውቶቡስ ላይ እንደ ጨቅላ ታቅፎ ነው ያመጣላት።

እሷ የሆስፒታሉ የጨረር ባለሙያ ናት። የካንሰር ማከሚያው ማሽን ደህና ነው፤ የጨረሩን መጠን የሚለካው መሣሪያ ግን ኤሌክትሪክ የሚመግበው ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ከተቃጠለ ወዲህ በድን ሆኗል። ሳይለኩ ማከም በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው። እናም ታካሚዎቹ እየመጡ ይመለሳሉ።

የምትፈልገው ዕቃ ለማንም አልገባ ብሎ ነው የከረመው። ቮልቱ ከፍተኛ፣ ጉልበቱ ግን እዚህ ግባ የማይባል፤ በዚያ ላይ የአንድ አምፔር ቢሊዮንኛ የምታክል ፍሰት እንኳ የማታመልጠው። ሻጮቹ ሁሉ ያላቸው ግዙፍ ግዙፉ ነው። ወንድሟም መጀመሪያ ያመጣላት በሬ የሚጥል ነበር።

«ሰው ጉልበት ያለው ዕቃ ይፈልጋል፤ አንቺ ደካማ አምጣልኝ ትያለሽ!» ብሎ ነበር ያኔ ተናዶ።

«ደካማ ይሁን፣ ዓይኑ ግን የበራ» አለችው። እያጉረመረመ ፍለጋውን ቀጠለ።

አሁን ማብሪያውን ተጫነችና ቮልቱን ቀስ እያለች ከፍ አደረገች። ጨረር ገና አልተለቀቀም፤ በሳጥኑ ፊት ያለው የልኬት መርፌ ዜሮ ላይ መተኛት ነበረበት። አልተኛም፤ እየተንቀጠቀጠ ሽቅብ ወጣ።

ወንድሟ ያየው መርፌውን ሳይሆን ፊቷን ነው። «ሞተብን?»

ቮልቱን አውርዳ፣ አብሮት የመጣውንና ከጨረር መለኪያው ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ከሳጥኑ ነቅላ እንደገና አበራች። መርፌው ጸጥ አለ። ሳጥኑ ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ የሚያፈሰው ገመዱ ነው። ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችው። ከብረቱ ሥር ያለው ነጭ ፕላስቲክ ያብረቀርቃል።

«ይሄ ምን ነካው?»

«አቧራ ነበረበት፤ በእጄ ጠረግኩት።» ጉሮሮውን ጠራረገ። «ትንሽ ቅባትም… እንዲያምር ብዬ።»

«ቅባት ቀባኸው?»

«እህትዓለም፣ እኔ እኮ ሳልቀባ ያስረከብኩት ዕቃ የለም!»

ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ሳቅ ቀደማት። ቅባቱ ከላቡና ከአቧራው ጋር ተለውሶ ለኤሌክትሪኩ ድልድይ ሠርቶለታል። ጥጥ አልኮል ነክራ ጠረገችው፤ በሌላ ንጹሕ ጥጥ ደገመችው፤ እስኪደርቅም ጠበቀች። ወንድሟ እፍ ሊልበት ከንፈሩን ሲያሞጠሙጥ በዓይኗ ገሠጸችው።

ገመዱን መልሳ ሰካች። መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቶ ቀረ። ከዚያ ጨረር ከሚከለክለው ወፍራም በር ወዲያ ያለውን የማከሚያ ማሽን አስነሣች። መርፌው ቀና አለ፤ ትጠብቀው ከነበረው ቦታ ደርሶም ቀጥ ብሎ ቆመ። ደጋግማ ለካች። ያው ነው፤ ንቅንቅ የለም።

«እና?» አለ ወንድሟ።

«ከነገ ጀምሮ እናክማለን።»

ግንባሯን ለአፍታ ትከሻው ላይ አሳረፈችና ሐኪሙን ልትጠራ ስልኩን አነሣች።

እሱ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ታካሚዎቹ በረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። አንዲት እናት ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ዛሬም ተመለሱ ሊሉን ነው?»

«ተሠራ፣ እናቴ። ነገ ትታከማላችሁ። እህቴ ናት የሠራችው።»

ስለ አውቶቡሱ አላወራም፤ ስለ ፍለጋውም ትንፍሽ አላለም። ሴትየዋ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠጋ አሉ፤ ከጎናቸው ያለው ሰውዬ ተጠጋ፤ ቀጣዩም ተጠጋ፤ በወንበሩ ጫፍ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተከፈተለት።