ከመሃል ተነስቶ የሚወጣው ሰውዬ

በሲኒማ ቤቱ ትልቅ አዳራሽ በሚታየው ፊልም መኪና ሲፈነዳ የትንሹ አዳራሽ ግድግዳ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ በትንሹ አዳራሽ ፍቅረኛሞቹ በተሳሳሙ ቁጥር ቦምብ ይወድቃል።

የትንሹ አዳራሽ ፊልም ዳይሬክተር ይህን እንደ ነፃ ማጀቢያ ቆጥሮታል። ዋና ተዋናይቷ እህቱ ናት፤ መብራት የያዘው አጎቱ፤ ካሜራው የውሰት።

የሚገባው ተመልካች ጥቂት ነው። ከነሱ አንዱ ሁልጊዜ ጥቁር ሸሚዝ የሚለብስ ጎልማሳ ነው። በየቀኑ ይመጣል፤ የፊት ወንበር ይይዛል፤ ከመሃል ተነስቶ ይወጣል።

«ዛሬም ወጣ» አለች ትኬት ቆራጯ። «ዓይኑን እየጠረገ።»

«ስቆ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ወንድሜ። አሳዛኝ ፊልም ነው ያልከን አንተ ነህ።»

የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ወሬ አላበዛም። «ወዲያ ማዶ ሰው ቆሞ ያያል። ያንተን ቋሚ ደንበኛህ እንኳ አይጨርሰውም። ያ ሰውዬ እስከ መጨረሻው ከተቀመጠልህ ፊልምህ ይቆያል። አለዚያ አወርደዋለሁ።»

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ከሰውየው ጎን፣ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

እህቱ አውቶቡስ እየጠበቀች የምታለቅስበት ቦታ ደረሰ። ከኋላዋ ቢጫ ቦት ጫማ ያደረገች ትንሽ ልጅ እየዘለለች መጣች፤ ቆም ብላ ለካሜራው ምላሷን አወጣች፤ ሄደች። በትልቁ አዳራሽ የሚታየው ፊልም መንገዱን ሁሉ አስዘግቷል፤ አላፊ አግዳሚው ሳይቀር ተከፋይ ነው። እዚህ ግን መንገድ ማስዘጋት ቀርቶ ልጅቷን «ዞር በይ» የሚል ሰው አልነበረም።

ሰውዬውም ለስክሪኑ ምላሱን አወጣ። ከዚያ ተነስቶ ወጣ።

«ምላሱን አወጣብን እኮ» አለ ዳይሬክተሩ። «እስከዚህ ተንቀናል። ያቺ ባለጌ ልጅ ናት የምታባርረው።»

«ከፊልሙ ሁሉ እኔ የምወዳት እሷን ነው» አለች ትኬት ቆራጯ። «ተዋናይ ያልሆነች እሷ ብቻ ናት።»

«አንቺ ትኬትሽን ቁረጪ፤ ፊልሙን እኔ እቆርጣለሁ።»

ቆረጣት። የውሰቱ ኮምፒውተር ሞልቶ ስለነበር ለአዲሱ ቅጂ ቦታ እንዲያገኝ አሮጌውንም ጥሬ ቀረጻውንም አጠፋ።

በሚቀጥለው ቀን ሰውዬው መጣ። የዳይሬክተሩ እህት አለቀሰች፤ አውቶቡሱ ደረሰ። ሰውዬው ወደፊት ጎንበስ አለ እንጂ አልተነሳም። ፊልሙ አለቀ። የዳይሬክተሩ አጎት ስም በየሙያው እየተደጋገመ አለፈ። መብራት በራ። ሰውዬው እንደተቀመጠ ነው።

በሩ ላይ የቆመው ባለቤት «እሺ፣ ይቆይልህ» አለ።

ዳይሬክተሩ እየሮጠ ወርዶ የሰውየውን እጅ ጨበጠ። «ጋሼ፣ ዛሬ እንዴት አገኙት?»

ሰውዬው ዓይኑን ከባዶው ስክሪን አልነቀለም።

«ልጄ ዛሬ አልመጣችም» አለ።