ጥሩምባ የማይነፋለት በር

«አንዴ ብቻ፣ አባዬ። አንዴ ትረግጣለህ፣ ማርሹን ትቀይራለህ፣ ትለቃለህ። አለቀ።»

«ሰማሁ አልኩሽ እኮ።»

አባቷ ፍሪሲዮኑን ረገጠና ሦስተኛ አስገባ። ማርሹ እጅ ኪስ ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ፊቱ ላይ ግን ምንም አላሳየም፤ መንጃ ፈቃድ ሊፈተን እንደመጣ ሰው አንገቱን አስግጎ መንገዱን ብቻ ያያል።

መካኒኳ ልጁ ከጎኑ ተቀምጣ የምታየው መንገዱን አይደለም፤ የአባቷን ግራ ጉልበት ነው።

ቤተሰቡ «አሮጊቷ» የሚላት ይህች መኪና፣ አራቱም ጎማዋ እየሳበ ከስንት ጭቃና ገደል ያወጣቻቸው፣ ሁለት ዓመት ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማ ነበር። ያቆማት የእሱ ጉልበት ነው። የድሮው ፍሪሲዮን እንደ ድንጋይ ከመክበዱ የተነሣ፣ አንድ ቀን ገበያ ደርሶ ሲመለስ ጉልበቱ ጥቅል ጎመን አክሎ አደረ። ከዚያ ወዲያ ቁልፉን ሚስማር ላይ ሰቀለው።

ልጁ ዝገቷን ስትፍቅ፣ ወለሏን ስትበይድ፣ ቀለም ስትቀባ አባቷ ከአጠገቧ አልጠፋም። የማርሽ ሳጥኑን፣ ካምቢዮውን፣ አውርዳ በባለ አምስት ማርሽ ስትተካው፣ ፍሪሲዮኑንም በዘይት ግፊት የሚሠራ ስታደርገው ግን ተኮራረፉ። «ቆዳዋን አስቀርተሽ አንጀቷን ከጣልሽው፣ የማንን መኪና ነው የምትሰጪኝ?» አለና ከጋራዡ ቀረ።

ዛሬ የመጣው ከነውርርዱ ነው።

አሮጊቷ የቤታቸውን ዳገት ስትወጣ የድሮው ካምቢዮ ያንጎራጉር ነበር፤ ጥርሱ የተበላ፣ ኩሽኔታው የላላ፣ ረዥም እንጉርጉሮ። እናቷ ይህን ትሰማና ወጥታ የግቢውን በር ትከፍታለች። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ነው። እሱ በገዛ በሩ ላይ ጥሩምባ ነፍቶ አያውቅም፤ «ጥሩምባ የሚነፋ እንግዳ ነው» ይላል።

«እናትሽ ከከፈተች ያንቺ ካምቢዮ ይቀመጣል» ብሏታል። «ካልከፈተች የኔን ትመልሽልኛለሽ።»

እሺ ያለችው በንዴት ነው። አሁን ዳገቱ ሲቃረብ ንዴቱ ጥሏት ሄዷል። አሮጌው ካምቢዮ ጋራዡ ጥግ ጆንያ ለብሶ ተቀምጧል፤ መመለሱ ከባድ ሥራ አይደለም። ግን እሱ ከተመለሰ ከባዱ ፍሪሲዮንና የጉልበቱ እብጠትም አብረው ይመለሳሉ፤ አባቷም በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሰው መኪና ሲያይ ሊውል ነው።

«ዝም አለች» አለ አባቷ።

«ጤነኛ ስለሆነች ነው።»

«እኔም ዝም ስል ጤነኛ ነህ ልትዪኝ ነው?»

«አንተ ደግሞ መቼ ዝም ብለህ ታውቃለህና?»

ሳቅ ከከንፈሩ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ።

ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ አንዲት ሴት ተሻገረች፤ ዝግ ማለት ነበረበት። ረገጠ፣ ማርሹን ወደ ባዶ መለሰ፣ ለቀቀ፣ ነዳጅ ሰጠ፣ እንደገና ረገጠ።

«አባዬ!»

«እኔ አይደለሁም፤ እግሬ ነው።»

«ሁለቴ መርገጥ ለድሮው ነው። ያ ካልተለማመጡት ይናከሳል። ይሄ ራሱ ያስተካክላል፤ ልፋ ያለህ የለም።»

«እሺ። አንዴ።»

ከዚያ በኋላ ታዘዛት። አንዴ እየረገጠ፣ እንደ ጨዋ ተማሪ። ዳገቱን ጀመሩ። አሮጊቷ በሦስተኛ ያለ አንዳች ማቃሰት ትወጣለች፤ ከጎማው ሥር የሚንኮሻኮሸው ጠጠር ሳይቀር ይሰማል። ልጁ ሥራዋ እንዲህ ማማሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አስከፋት። ትንሽ እንኳ ብትጮኽ ምን ነበረበት?

ላይ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ፣ አረንጓዴው የብረት በር ታየ። ዝግ ነው።

መታጠፊያው ላይ ዳገቱ ይበረታል፤ ሁለተኛ ማርሽ ግድ ነው። እንዳስተማረችው አንዴ ረግጦ ቢቀይር ኮሽ የሚል ነገር የለም። በሩም ዝግ እንደሆነ ይቀራል፤ ውርርዱንም እሱ ያሸንፋል።

አባቷ ረገጠ። ማርሹን ወደ ባዶ መለሰ። ለቀቀ። ነዳጅ ሰጠ፤ ሞተሩ አንዴ አጓርቶ ረገብ አለ። እንደገና ረገጠና ሁለተኛ አስገባ።

«አንዴ ብ...» ብላ ጀመረችና አፏን ያዘች።

የመቀርቀሪያው ብረት ተንሸራተተ። አንዱ ክንፍ ተከፈተ፣ ቀጥሎ ሌላው። እናቷ እጇን በሽርጧ እያደረቀች በሩ መሃል ቆማለች።

«ግቡ እንጂ። ምን አፍጣችሁ ታዩኛላችሁ?»

ልጁ በመስኮቱ ብቅ አለች። «እማዬ፣ በምን አወቅሽ? ካምቢዮው እኮ አይጮኽም።»

«የምን ካምቢዮ?» አለች እናቷ። «አባትሽ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ አንዴ ሳያጓራ መቼ መጥቶ ያውቃል? እውነትም ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

ልጁ ዞር ብላ አባቷን አየችው። እሱ መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ያያል።

«ረስተህ ነው?» አለችው ቀስ ብላ።

«እግሬን ጠይቂው።»

መኪናዋን አስገብቶ ቆርቆሮ ጥላው ሥር አቆመ። እናትየው አንዱን የበር ክንፍ ገፍታ ልትዘጋ ነው። ልጁ የአባቷ እጅ ጉልበቱን ሊያሽ እስኪወርድ ጠበቀች። አልወረደም። ሞተሩን አላጠፋም። ግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፣ ይለቃል፤ ይረግጣል፣ ይለቃል፤ በጣም ቀስ ብሎ፣ አዲስ ጫማ እንደሚሞክር ሰው።

ከዚያ አንገቱን በመስኮቱ አወጣ።

«አንቺ፣ አትዝጊው» አላት ሚስቱን።