የታክ ባዶ መስመር

ታክ ጂንሆ በመጋቢት ሞተ። ፓንግዮ በሚገኝ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት የቡድን መሪ ሆኖ ተቀጥሮ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል።

በስሙ የገባ ኮድ ሁሉ አንድ መልክ ነበረው። የፕሮግራም ቋንቋው ቢለያይም ከመጨረሻው የመልስ ትእዛዝ በፊት አንድ ባዶ መስመር ይቀራል፤ በኮዱ ውስጥ ያሉት ቆጣሪዎችም በዓሣ ስም ይጠራሉ።

በነሐሴ ድርጅቱ ወደ አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ተሻገረ። ታክ ቋንቋውን ሳያውቀው ነው የሞተው። በመስከረም በዚያው ቋንቋ የተጻፈ ኮድ በታክ መለያ ገባ። ባዶው መስመር አለ። ዓሣዎቹም አሉ።

መለያው አልተዘጋም ነበር። የበታቾች ሥራ በመሪ ስም ማለፉ እዚያ ቤት የተለመደ ነው።

«እሱ ራሱ ነው» አለ ሶክ ዳልሱ፣ የታክን ወንበር የወረሰው ሰው። «አምስት ዓመት አብሬው ሠርቼ እንኳ የኮድ አጻጻፉን መኮረጅ አቅቶኛል።»

ከዚያ ወዲህ ብዙዎች በታክ ጠረጴዛ በኩል ማለፍ ተዉ። ፕየን ሚራን ብቻ አባቷ ከሶክቾ ወደብ ከሚልክላት ደረቅ ዓሣ አንዱን አምጥታ አስቀመጠችበት።

«ለሙቱ ዓሣ፣ ለእኛ ምንም?» አላት ሶክ።

«እሱ ቢያንስ አይጨቀጭቅም።»

ሚራን በድርጅቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ብቻዋን የምታሳድጋት ልጅ አለቻት። በጥቅምት ስሟ በሚሰናበቱት ዝርዝር ላይ ወጣ። ዳይሬክተር ናምጉንግ አስጠራት።

«ከመጋቢት ወዲህ በስምሽ የገባው ሁለት ሥራ ነው። ሙቱ አርባ አንድ አስገብቷል። እኔ ምን ላድርግሽ?»

«የሚቆጠረው በስሜ የገባው ብቻ ነው፣ ጌታዬ?»

«ታዲያ በማን ስም ልቁጠርልሽ?»

ሚራን «የቡድን መሪያችንን ስም ማንሳት አልፈልግም። ሞተዋል» አለች።

«እሱን ተዪው። የእሱን ጉዳይ እያስመረመርኩ ነው።»

እውነቱን ነው። ሠራተኛው ስለፈራ የድርጅቱ የቆየ ኮድ በሙሉ ከታክ አጻጻፍ ጋር እንዲመሳከር አዝዞ ነበር።

ዓርብ ጠዋት በአራት ሰዓት ሚራን የመግቢያ ካርዷን አስረከበች። ጠርዙ የተላላጠውን የአዲሱን ቋንቋ መጽሐፍ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ዓሣውን እዚያው ተወችው።

«አሁን እንግዲህ ከእሱ ጋር ብቻችንን ቀረን» አለ ሶክ።

የማመሳከሪያው ውጤት ስድስት ሰዓት ላይ ደረሰ፤ ባዶው መስመርና ዓሣዎቹ መጀመሪያ የታዩት ታክ ከመቀጠሩ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በገባ ኮድ ላይ ሲሆን፣ የጸሐፊው ስም ፕየን ሚራን ይላል።