የእሑዱ ጠብ

የሻይ አምራቾች ማኅበር እንደሚለው፣ በማሻ እንደ አየለችና እንደ ቆጭቶ ያለ ሰላማዊ ባልና ሚስት የለም። የእነሱን ሻይ የጠጡ ሰዎች ግን ባዶ ቤት የገቡ ያህል ሆዳቸው እንደሚባባ ይናገራሉ።

አዲሱ የሻይ ዝርያ የለቃሚውን ስሜት ወደ ጠጪው ያሻግራል። ስለዚህ ማኅበሩ አባላቱን የሚደግፈው በማዳበሪያ ብቻ አይደለም፤ ባልና ሚስት ለቀማ በሌለበት በእሑድ ብቻ እንዲጣሉም ደንብ አውጥቶላቸዋል።

ማክሰኞ ምሳ ላይ የማኅበሩ ባለሙያ ወንድሙ መጣ።

“እትዬ አየለች፣ የዛሬውም ለቀማ እንደ እስካሁኑ የጠጪውን ሆድ የሚያባባ ከሆነ ፋብሪካው አይቀበላችሁም።”

አየለች ሆን ብላ ጨው ያበዛችበትን ወጥ ለቆጭቶ አቀረበችለት። ድሮ ቢሆን “ሰው ልትፈጂ ነው እንዴ?” ብሎ ይጮህ ነበር፤ እሷም ትመልስለት፣ ሲመሽ አብረው ይስቁ ነበር። አሁን ግን እሑድ ሲደርስ የሚጣሉበት ነገር ይረሳቸዋል።

ቆጭቶ ቀመሰና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

“እጅሽ ይባረክ፣ የኔ እመቤት።”

“የኔ እመቤት? ጭራሽ እንግዳ አደረግኸኝ!” አየለች የለቀማ ቅርጫቷን አነሳች። “ወንድሙ፣ ለማኅበሩ ንገርልኝ፤ እኔና ቆጭቶ ዛሬ በደንብ ተጣልተን ነው ለቀማ የምንወጣው!”