ሪባን የታሰረበት በር

አዛውንቱ ስኳር አለባቸው፤ ሽንታቸው ሲመጣ ፋታ አይሰጣቸውም። በአዲሱ የአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ መሳፈር ከጀመረ ወር ሊሞላው ነው፤ ሱቆቹና መጸዳጃ ቤቱ ግን ቀይ ሪባን ታስሮባቸው እንደተቆለፉ ናቸው።

"ልጄ፣ በናትህ ክፈትልኝ" አሉት በሩ ላይ የቆመውን ጥበቃ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

"አባባ፣ ነገርኩዎት እኮ! የክብር እንግዳው ዛሬ መጥተው ሪባኑን ሳይቆርጡ ማንም አይገባም ተብያለሁ።"

"እስቲ ይህን ለፊኛዬ ንገርልኝ!"

እግራቸውን አጣብቀው ግድግዳውን ተደገፉ። ከጥበቃው ራስ በላይ በተሰቀለው ባነር ላይ የክብር እንግዳው ፎቶ ቁልቁል እያየ ይስቃል። "ሳቅ! አንተ ምን አለብህ" አሉት።

አውሮፕላኑ አረፈ፤ ከበሮው ተመታ። ወዲያው አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ አበባ የያዙትን ተቀባዮች ጥሎ እየሮጠ መጣና በሩን ሊገፋ እጁን ዘረጋ።

"ጌታዬ፣ አይቻልም!" ጥበቃው መንገዱን ዘጋበት። "የክብር እንግዳው ሳይመጡ አይከፈትም።"

ሰውዬው ላብ አጥምቆት፣ አግዙኝ በሚል ዓይን ወደ አዛውንቱ ዞረ። አዛውንቱ ፊቱን አዩት፤ ቀና ብለውም ባነሩን አዩ።

"እውነቱን ነው" አሉ። "ና፣ ከኋላዬ ተሰለፍ።"