አንድ መስመር ትራምፔት

አንደኛው ትራምፔት ነፊ የሰው ተንኮል ከሩቅ የሚሸተው ሽማግሌ ነበር። ያን ቀን የኦርኬስትራውን መሪ ኖታ አሾልቆ ቢያይ ትራምፔት የሚል አንድ መስመር ብቻ አለ። እስከ ትናንት ለእሱና ለሁለተኛው ነፊ ለዳምጠው ሁለት መስመር ነበራ! የአንደኛነት ወንበሩ በዓይኑ ላይ ዞረበት። ሮጦ ኖታ ጻፊዋ ልኬለሽ ኮምፒውተር ፊት ተገተረ።

«አንቺ ልጅ፣ ማንን ነው የሰረዛችሁት? እኔን ነው አይደል?»

«ኧረ ጋሼ! ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሲነፋ ፕሮግራሙ ራሱ በአንድ መስመር ያጣምራችኋል።»

«የእኔና የእሱ ደግሞ መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል? ለያይልኝ እስቲ!»

ለየችው። ሁለቱ መስመሮች ከላይ እስከ ታች ቁርጥ አንድ ናቸው።

«ይኸው! ወንበሬን ሊወርስ የእኔን ገልብጧል!»

«ዳምጠው ራሱ ነው የለመነኝ። ‹የጋሼን ለእኔም ጻፊልኝ፣ ለማንም አትንገሪ› ብሎ።»

«አላልኩሽም? ሌባ! ለምንድን ነው በይ?»

ልኬለሽ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። «እስቲ ጋሼ፣ እዚችው አንድ ጊዜ ንፉልኝ።»

ሽማግሌው ተቆጥቶ ትራምፔቱን ከሣጥኑ መዘዘ። እንደ ሁልጊዜው ደረቱን ገልብጦ፣ ጉንጩን ኳስ አሳክሎ፣ ጣቶቹን በቁልፎቹ ላይ አስጋለባቸው።

ከትራምፔቱ አፍ በድምፅ ፈንታ አንዲት ሸረሪት ብቅ አለች፤ ማን እንደሆነ አየችና ሳትደነግጥ ወደ ድሯ ተመለሰች።